ባትሪ ቀይሬለትም የጭስ ማስጠንቀቂያው «ጢጥ» ማለቱን አልተወም

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ባለፈው ክረምት ስትመጣ ሁለት የጭስ ማስጠንቀቂያ ይዛልኝ መጣች። አንዱን ሳሎን፣ አንዱን የልጆቹ መኝታ በር አጠገብ ኮርኒስ ላይ አሰርናቸው። የመኝታው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ በየደቂቃው «ጢጥ» ይላል። ልጆቹ ሌሊት እየነቁ ተቸገርኩ። ባለ 9 ቮልቱን ባትሪ በአዲስ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ቁልፉን ስጫነው ግን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ያሰማል። ታዲያ ደህና ነው ማለት አይደል? ጀርባው ላይ 2013 ስለሚል ገና 5 ዓመቱ ነው።

የሳሎኑ ደግሞ ዕጣን ሲጨስና አሣ ሲጠበስ ይጮሃል። እናቴ ሰልችቷት ባትሪውን አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች። ምን ላድርግ?

ኤሌክትሪሻን ከታቦር፦
እህቴ፣ 2013 ያልሽው የፈረንጅ ነው። በእኛ 2005 ወይም 2006 መሆኑ ነው። ዕቃው 12 ዓመት አልፎታል። የጭስ ማስጠንቀቂያ የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ከተመረተበት ቀን እንጂ ከተሰቀለበት አይደለም። በካርቶን ታሽጎ ቢቀመጥም ያረጃል።

ቁልፉ የሚፈትሸው ባትሪውንና ድምፁን ነው። ጭስ የሚለየው ክፍል መድከሙን አይነግርሽም። አዲስ ባትሪ ገብቶለት ጢጥ ካለ፣ ጊዜዬ አልቋል እያለሽ ነው። ቀይሪው። አዲሱን በየወሩ ቁልፉን እየተጫንሽ ሞክሪው፤ አቧራውንም በለስላሳ ብሩሽ አንሺለት። ሐይቅ ዳር ማታ ማታ መብራት የሚከቡት ትንንሽ ነፍሳት ውስጡ ከገቡ ያለ ጭስ ያስጮሁታል።

ጡረተኛ ነርስ፦
ልጄ፣ እናትሽን አትውቀሺያት። ጥፋቱ የተሰቀለበት ቦታ ነው። ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር አርቂው። ስትገዢም ፎቶኤሌክትሪክ የሚባለውን ምረጪ፤ በምግብ ጭስ ቶሎ አይደነግጥም፣ ቀስ ብሎ የሚጨስ ፍራሽ ግን ፈጥኖ ያውቃል።

አንድ ነገር አደራ። የጭስ ማስጠንቀቂያ የከሰልን መርዝ አያውቅም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ጭስም የለውም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲያልቅ «አሁን ደህና ነው» ብለው ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሲመጡብን አይቻለሁ። ለእሱ ሌላ መሣሪያ አለው። መሣሪያውም ቢኖር ከሰል ይዛችሁ አትተኙ።

የሁለት ልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አንተም ወንድሜ። አሁኑኑ ወንበር ላይ ወጥቼ ሁለቱንም አወረድኳቸው። የሁለቱም ጀርባ «2013 ሜይ 14» ይላል፤ ቆጥሬ ሳየው ግንቦት 6 ቀን 2005 ነው። ትልቁ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ከእሱ ይበልጣሉ! እህቴም ሳታውቅ ነው የገዛችው፣ ደውዬ ስነግራት ደነገጠች። ሁለት አዲስ የጭስ፣ አንድ ደግሞ የከሰሉን ሰው ሲመጣ ልትልክልኝ ነው፤ ቀኑን አይታ። እስከዚያው የሳሎኑን ባትሪ መልሼ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩት። ቡናው ከዛሬ ጀምሮ በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው፤ እናቴም እሺ ብላለች።