ሪታሊን ከሰዓት በኋላ ኃይሉ ያልቅብኛል፣ ልጨምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትኩረት ማጣት ችግር ሐኪም ሪታሊን አዞልኝ ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ጠዋት አሪፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሐሳቤ እንደገና ይበታተናል። በራሴ አንድ ፍሬ ልጨምር? ቡናስ ማቆም አለብኝ?

መልስ 1፦
በራስህ እንዳትጨምር! ለአጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ በተወሰደ በ4 ሰዓት ገደማ ውስጥ ኃይሉ ያልቃል፣ ስለዚህ የምትለው ነገር የሚጠበቅ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራም አለ፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚበታተንብህ ጻፍና ለሐኪምህ አሳየው። ያ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ከታዘዘልህ ግን እንዳታደቀው፣ እንዳታኝከው፤ ለሙሉ ቀን የታሰበው መድኃኒት ባንዴ ይለቀቃል።

መልስ 2፦
ቡናውን የግድ አቁም አልልህም፣ ግን ሁለቱም ልብ ያስመታሉ፣ እንቅልፍም ይነሳሉ። እኔ ቀንሻለሁ። ለመሆኑ የደም ግፊትህ ይለካል? በቤተሰብ የልብ ሕመም ካለ ሳይጠይቁህም ተናገር። ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ከሳትክ ነገ ዛሬ ሳትል ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ግፊቴን ለክተውኛል፣ ደህና ነው። የምግብ ፍላጎቴ ግን ጠፍቷል፤ ጓደኛዬም ለፈተና አንድ ስጠኝ እያለ ነዝንዞኛል።

መልስ 3፦
ሳትውጠው በፊት ቁርስህን ብላ፣ ማታ ሲለቅህ ደግሞ ይርብሃል። ለጓደኛህ በፍጹም እንዳትሰጥ። ሱስ ሊያስይዝ የሚችል መድኃኒት ነው፣ ልቡ ምን እንዳለበትም አታውቅም (ለነገሩ እሱም ላያውቅ ይችላል)። ቆልፈህ አስቀምጠው። ጠዋት ከረሳኸው ደግሞ ማታ ለማካካስ አትሞክር፣ ሌሊቱን ዓይንህ አይከደንም።