ከሐረር ለአዲስ አበባ የቤት ውስጥ ዲዛይን ትርኢት፦ ምክር ፈላጊ

ጤና ይስጥልኝ። በሐረር ጀጎል ውስጥ የጥንት ቤቶቻቸውን ለእንግዳ ማረፊያነት ለሚያዘጋጁ ባለቤቶች የውስጥ ማስዋብ ሥራ እሠራለሁ። አሁን በአዲስ አበባ፣ እንደ ሚሊኒየም አዳራሽ ባሉ ቦታዎች በሚካሄዱ የፈርኒቸርና የቤት ውስጥ ዲዛይን ትርኢቶች ላይ ሥራዬን ለማቅረብ አስቤ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል።

የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ውበቱ ያለው በአምስቱ ነደባዎች፣ ማለትም ከፍታቸው በሚለያይ፣ በቀይ አፈር በተቀቡና ማን የት እንደሚቀመጥ በወግ በተለየላቸው መደቦች እንዲሁም ግድግዳውን በሚሞሉት ስፌቶችና ሳህኖች ላይ ነው። ይህን በጠባብ የትርኢት ቦታ በጣውላ አስመስሎ መሥራት ያዋጣል ወይስ ስፌቶቹን ከድሬዳዋ በባቡር ወስዶ ከጥሩ ፎቶግራፎች ጋር ማሳየት ይበቃል? እኔ በበኩሌ የጣውላ ነደባ አይዋጥልኝም፤ ከፍታው ሲቀንስ ወጉም አብሮ ይጠፋል።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ከትርኢቱ በኋላ የሚደረገው የምሽት ግብዣ ነው። እኛ ዘንድ የሥራ ጉዳይ የሚነሣው ተቀምጠን፣ ቡና ጠጥተን፣ የቤተሰብ ደኅንነት ከተጠያየቅን በኋላ ሲሆን፣ እዚያ ግን ሰው ቆሞ ጥቂት ተነጋግሮ ካርድ ተለዋውጦ እንደሚያልፍ ይነግሩኛል። ከአርክቴክቶችና ከሆቴል ባለቤቶች ጋር የሚያስተዋውቀኝ ሰው ሳይኖር ወሬ መጀመር ነውር ይሆንብኛል ወይ? ስለ ዋጋስ እዚያው ቢጠይቁኝ መመለስ ይሻላል ወይስ ለሌላ ቀን መቅጠር? የሐረሪ ባህል ልብስ ለብሼ ብገኝስ እንደ ባለሙያ ያዩኛል ወይስ እንደ አስተናጋጅ? በእንዲህ ያለ ዝግጅት የተሳተፋችሁ ብትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።