የመቅደላ ቅርሶች ፎቶ፦ ለትምህርት እስከ ምን ድረስ?

አወያይ፦ የብሪቲሽ ሙዚየም የቅርሶቹን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የሚለቀው በነጻ መጠቀምን በሚፈቅድ፣ ለንግድ እንዳይውል ግን በሚከለክል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉትም እዚያ አሉ። ለትምህርት ይህ ይበቃል?

የታሪክ አስተማሪ፦ ለኔ ይበቃል። ምንጩን ጠቅሼ ክፍል ውስጥ አሳያለሁ። ማንም አይከለክለኝም።

አጋዥ መጽሐፍ አዘጋጅ፦ አንተማ ደሞዝተኛ ነህ ወንድሜ! እኔ ያንኑ ፎቶ መጽሐፌ ውስጥ ከትቼ ስሸጥ ነጋዴ እባላለሁ። ማተሚያ ቤት በነጻ አያትምልኝም። በዚያ ላይ ለተዘረፈብን ዕቃ ፎቶ ዘራፊውን ላስፈቅድ? የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እኮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁሉም ለቋል፣ ለንግድም ጭምር። እሱ ጋ ያለውን የኢትዮጵያ የብራና ወንጌል ሽፋኔ ላይ ባደርገው ጠያቂ የለኝም።

ጠበቃ፦ እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ሥራ የቅጂ መብት የሚያገኘው የሠሪው የራሱ የፈጠራ ምርጫ ሲኖርበት ነው ብሏል። ክርክሩ የሙዚየም አልነበረም፣ መለኪያው ግን ሙዚየሞችንም ይነካል። የብራና ገጽን እንዳለ ገልብጦ ማንሳት ምን ፈጠራ አለው? ዘውድ ወይም መስቀል ሲሆን ግን ብርሃኑንና ማዕዘኑን የመረጠው ፎቶ አንሺው ነው። እዚያ መብት ሊኖር ይችላል። ድረ ገጹ ላይ የተቀመጠው የአጠቃቀም ውልም ሌላ ጣጣ ነው።

ለንደን ነዋሪ፦ "ሁሉም ይከፈት" የሚለው ያስፈራኛል። ሙዚየሙ ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታትም አሉት። ለሕዝብ አያሳይም፣ ፎቷቸውንም አይለቅም። ደግ አደረገ። ቅዱስ ሥዕልስ ቢሆን ቲሸርት ላይ ሲቸበቸብ ዝም ልንል ነው?

አጋዥ መጽሐፍ አዘጋጅ፦ ታቦቱን ማን ጠየቀ እህቴ? የቲሸርት ነጋዴ ፈቃድ አንብቦ የሚያውቅ ይመስልሻል? ክልከላው የሚይዘው እንደኔ ሕግ አክባሪውን ነው።

የታሪክ አስተማሪ፦ ታዲያ ለኢትዮጵያ አሳታሚዎች ብቻ የተለየ ፈቃድ ይሰጣ። መጽሐፉ ቢሸጥም ክፍያ አይጠየቅበት።

ለንደን ነዋሪ፦ እኛ እዚህ ለልጆቻችን የምናዘጋጀው የአማርኛ መማሪያስ? አሳታሚው የተመዘገበው እንግሊዝ ነው።

ጠበቃ፦ ለዚህ ነው በዜግነት የሚሰጥ ፈቃድ የማይዋጥልኝ። መለኪያው አገልግሎቱ ይሁን፤ መማሪያ መጽሐፍ ከሆነ ቢሸጥም ይፈቀድ፣ የትም ይታተም።

አጋዥ መጽሐፍ አዘጋጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። "መማሪያ ነው፣ አይደለም" የሚለውን ግን ለንደን ተቀምጦ ሙዚየሙ እንዳይወስንልኝ።