ተማሪ ለሚያዘጋጀው ቲያትር የትኛው ተውኔት ይሻላል?

የክበቡ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ። ለዓመቱ መዝጊያ የቲያትር ክበባችንን ተውኔት እንዳዘጋጅ ተመረጥኩ፣ ሴት አዘጋጅ ሲኖረን የመጀመሪያው ነው። 14 ተዋንያን አለን፣ 9ኙ ሴቶች። መድረኩ ጠባብ ነው፣ ልምምዱም 6 ሳምንት ብቻ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሥራ እወዳለሁ፣ ግን ቋንቋው እንዳይከብደን ፈራሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መድረክ ናፋቂ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ፍርሃትሽ ልክ ነው። የጸጋዬ ቃል ትንፋሽ ይጠይቃል፣ በ6 ሳምንት ልጆቹ ይሸመድዱታል እንጂ አይኖሩትም። የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» አንብቢ። ኮሜዲ ነው፣ ንግግሩ ቤት ውስጥ የምንሰማው ዓይነት ስለሆነ አፍ ላይ ይገባል፣ የተማረ ሰው የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል የሚነሳው ጣጣ ደግሞ ዛሬም ያከራክራል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ሴቶች ከበዙ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የአውሬዎች ተውኔት አስቢበት። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው እሱ ነው፣ መነሻውም የፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ናቸው። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ስለሆኑ ቀበሮውን ሴትም ወንድም ይጫወተዋል። ጭምብሉን ከካርቶን ሥሩ።

ሳሮን፦ ከመወሰንሽ በፊት ከሁለቱም አንድ አንድ ትዕይንት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ልጆቹ ሳይነገራቸው መሳቅና መንቀሳቀስ የጀመሩበትን ያዢ። ፈቃድም ጠይቂ፣ የደራሲ መብት አለ።

የክበቡ ልጅ፦ በጣም አመሰግናለሁ! ጋሼ፣ የጭምብሉን ሐሳብ ወደድኩት። ሐሙስ ሁለቱንም እናነባለን።