ክርክር፦ ወረፋ ባለበት የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ላይ ከ80 በመቶ በላይ መሙላት ይከልከል?

አድሚን፦ ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የወረፋ ንትርክ በዝቷል። ቅዳሜ ዕለት አንድ ጣቢያ ላይ ሁለት ሰዎች ለድብድብ ተጋብዘው በስንት ልመና ነው የተለያዩት። አንደኛው 93 በመቶ ደርሶ "100 ሳይሞላ አልነቅልም" ይላል። ከኋላው የቆመው 6 በመቶ ቀርቶታል። ስለዚህ አንድ አባል ያመጣውን ሐሳብ ላቅርብላችሁ፦ ሰልፍ ካለ ፈጣኑ ቻርጀር 80 ላይ ራሱ ያቁም። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም፣ የድምፅ መልእክትም ባይበዛ።

ባለ አይዲ 4፦ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መኪናዬ የቮልስዋገን አይዲ 4 ነው። ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ይላል። ከ80 እስከ 100 ግን ያንኑ ያህል ይፈጃል፤ አንዳንዴ ይብሳል። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ራሱን ለመጠበቅ የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል። ስክሪኑን እዩት። 70 ኪሎ ዋት ሲያስገባ የነበረው 15 ላይ ይወርዳል። ያን ትልቅ ማሽን ለዚያች ጠብታ አስይዞ መቆም ነውር ነው።

ሜትር ታክሲ፦ ወንድሜ፣ አንተ ማታ ግቢህ ውስጥ ሰክተህ ትተኛለህ። እኔ ተከራይ ነኝ። ቆጣሪው የአከራዬ ነው። "ያንተ መኪና የኔን ቆጣሪ ታቃጥላለች" ብለው ከጠዋቱ ነግረውኛል። ያለኝ ይሄው የሕዝብ ቻርጀር ብቻ ነው። 80 ላይ ብታቋርጠኝ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ እሰለፋለሁ። ታዲያ ወረፋው ቀነሰ ወይስ ጨመረ?

ባለ አይዲ 4፦ ሁለቴ ብትመጣም ማሽኑን የምትይዘው በጥቅሉ ላነሰ ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ባትሪህ ቶሎ በሚቀበልበት ሰዓት ነው የምትሞላው።

ሜትር ታክሲ፦ የማሽኑን ጊዜ ቆጠርክ። የኔንስ? ሰልፍ ላይ የማጠፋው ሰዓት ለልጆቼ ዳቦ የምገዛበት ነው። አንተ ስትጠብቅ ስልክህን ትነካካለህ፣ እኔ ስጠብቅ ገቢዬ ቆመ ማለት ነው።

ባለ ሲጋል፦ እኔ ደግሞ "80 በመቶ" የሚለው ራሱ አልገባኝም። የኔ ትንሿ የቢዋይዲ ሲጋል ናት፣ ባትሪዋ የሚይዘው 30 ኪሎ ዋት ሰዓት። 80 በመቶዋ 24 ነው። ትልቁን የቮልስዋገን አይዲ 6 የያዘ ግን 80 ላይ ሲነቅል ከ60 በላይ ይዞ ይሄዳል። እኩል ቆረጣችሁን ማለት ነው? በዚያ ላይ የኔ ባትሪ ኤልኤፍፒ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ነው። አምራቾቹ ራሳቸው በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙሉ ይላሉ። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከላይ እስከ ታች ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ አንዳንዴ ሞልቶ ካላየ መኪናው የቀረውን ቻርጅ በትክክል ማወቅ ያቅተዋል። 23 በመቶ ብሎ አሳይቶ ድንገት ሊዘጭ ይችላል።

ባለ አይዲ 4፦ በሳምንት አንዴውን ቤትሽ አድርጊዋ!

ባለ ሲጋል፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ እኮ። ገመዱን በመስኮት ልወርውረው?

የአያቷ፦ እኛ አያት ሰፈር፣ ብሎካችን ውስጥ የወረወረ አለ። ከሦስተኛ ፎቅ፣ በጎረቤት ልብስ ማስጫ በኩል። አሁን ኮሚቴው መኪና ቻርጅ ማድረግ ከልክሏል። የጋራ ቆጣሪው ላይ እንዳይሰካ ተባለ፣ እሺ፣ ትክክል ናቸው። በራሳችን ወጪ ለፓርኪንጉ የተለየ ቆጣሪ እናስገባ ስንል ደግሞ "መኪና የሌለው ነዋሪ አይስማማም" አሉ። የሚከፍለው እኛ፣ የማይስማማው እሱ! ቻርጀር ጣቢያ ሄደን 100 እስኪሞላ የምንገተረው ወደን መሰላችሁ?

ጋሽ ኤሌክትሪክ፦ ልጆች፣ የምትጣሉት መጨረሻው ላይ ነው። መነሻው ከአያት ሰፈር የገባችው ልጄ ያለችው ነው። አንድ ተራ ሶኬት በ10 አምፔር ከ2 ኪሎ ዋት ትንሽ በለጥ ያለ ይሰጣል። ማታ ለ10 ሰዓት ያህል ሰክታችሁ ብታድሩ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ለአብዛኛው ሰው የቀን ሥራ ይበቃዋል። ፈጣን ቻርጀር ለመንገደኛና እንደዚህ ወንድማችን ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ ሰው መሆን ነበረበት። አሁን ግን ማታ የሚሰካበት ያጣ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል።

ሌላም ልንገራችሁ። ባለፈው አንድ ሎጅ ጠርተውኝ ሄድኩ። እንግዳው ከመኪናው ጋር የመጣውን ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሲሰካ ቀይ መብራት ይበራና እምቢ ይላል። ግድግዳውን ስከፍተው ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ከኋላው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ፣ የለም። ማሽኑ እኮ ትክክል ነው፣ ኧርዝ ካላገኘ አልሠራም ብሎ ሰውን እየጠበቀ ነው። የሎጁ ሰው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አያይዘው በቃ።" አላደርገውም አልኩ። እንደዚያ አያይዘህ ኒውትራሉ፣ ማለትም የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ፣ ከተበጠሰ የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ ኮረንቲ ይዞ ይጠብቅሃል። እባካችሁ ይሄን የሚያደርግ ካለ ያቁም። ኤክስቴንሽንም ተጠቅልሎ እንዳለ አትስኩ። እላዩ ላይ ይቀልጣል።

የአያቷ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ለኮሚቴያችን የሚነበብ አድርገው ይጻፉልንማ።

የቨርጂኒያው፦ ከሩቅም ቢሆን ልግባ። እዚህ አሜሪካም ይሄው ጭቅጭቅ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤሌክትሪፋይ አሜሪካ የሚባለው የቻርጀር ድርጅት በ2024 በጣም በሚጨናነቁ 10 ጣቢያዎች ላይ 85 በመቶ ሲደርስ እንዲቆም አድርጎ ሞክሯል። ቴስላ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሞልቶ ካልነቀልክ በደቂቃ ይቆርጥሃል። ጣቢያው ሙሉ ከሆነ እስከ አንድ ዶላር በደቂቃ ይደርሳል። የእኛ ሐበሾች ኡበር ሲሠሩ ስልካቸው ላይ "ሊሞላ ነው" የሚል መልእክት ሲመጣ ምሳቸውን ጥለው ሲሮጡ አይቻለሁ። እኔ በመቶኛ መከልከልን አልደግፍም። የቆመበትን ደቂቃ አስከፍሉት።

ሜትር ታክሲ፦ ቅጣት? እዚህ አገር ቅጣት ማለት ከጥበቃው ጋር መደራደር ማለት ነው።

የቨርጂኒያው፦ ሰው አይቅጣ፣ ማሽኑ ይቁረጥ። ክፍያው በቴሌብር አይደል? ሞልቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ በደቂቃ ይህን ያህል ብር ብሎ ከዚያው መቀነስ ነው።

ባለ አይዲ 4፦ እሺ፣ ሞልቶ ለቆመው እስማማለሁ። ከ80 እስከ 100 እያዘገመ የሚጎትተውስ? እሱ አልቆመም፣ "እየሞላሁ ነው" ነው የሚለው። ቅዳሜ ያጣላው እኮ ይሄ ነው።

የአዳማ ተመላላሽ፦ ጎትቶ የሚሞላ ሁሉ ቀበጥ አይደለም። እኔ በፈጣን መንገዱ አዳማ እመላለሳለሁ። መንገዱ ራሱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትወርድ መኪናዋ ምንም የምትበላ አትመስልም። ስትመለስ ነው ጉዱ። አዲስ አበባ ከአዳማ 600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ሁለት ቶን ይዘህ ያን ዳገት ስትወጣ ለከፍታው ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። እሱ ከመደበኛው ፍጆታ ውጪ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት አለ፣ ንፋስ አለ። ሲጋል የሚነዳ ሰው አዳማ ላይ "80 ይበቃሃል" ቢባል ዱከም ሲደርስ ላብ በላብ ይሆናል።

ባለ ሲጋል፦ አፌን ቀደምከኝ!

ጋሽ ኤሌክትሪክ፦ ተቃራኒውም አለ። ጎሃ ጽዮን ላይ 100 ሞልተህ ወደ አባይ በረሃ ብትወርድ ተጎዳህ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ስትወርድ ሞተሩ መልሶ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዝልሃል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ያኔ ፍሬንህ ብቻውን ይሠራል፣ ይግላል። በነጻ የምታገኘውንም ታጣለህ። እዚያ 80 ብልህነት ነው።

የአዳማ ተመላላሽ፦ ስለዚህ እንደ መንገዱ ነው አይሉም ጋሼ? አንድ ቁጥር ለሁሉም አይሠራም።

ከመገናኛ፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ረሳችሁ። ሰው 100 ካልሞላሁ የሚለው መብራት ስለማያምን ነው። እኔ ዛሬ 60 አለኝ ብዬ ብተኛ፣ ነገ መብራት ሄዳ ጣቢያውም ዝግ ቢሆንስ? በርሜል ሞልቶ ውሃ የለመደ ሰው ባትሪ ገምሶ አይሄድም። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ እልል ብለናል። የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ግን ያው የጥንቱ ነው። ኃይሉ ቢኖርም እኛ ጋ የሚደርሰው በዚያ በኩል ነው።

ባለ አይዲ 4፦ ይሄኛው ገብቶኛል። ግን ሁሉም በፍርሃት ከሞላ 6 በመቶ የቀረው ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ሜትር ታክሲ፦ 6 በመቶ እስኪደርስ ምን ይጠብቃል እሱስ?

ባለ አይዲ 4፦ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነዋ!

አድሚን፦ ሃሃ። ቆይ ላስተካክል። መንግሥት ከጥር 2016 ጀምሮ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ ሰልፉ ነገ ከዛሬ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። እኔ በግሌ ካነበብኩት የተረዳሁት 80 የሚለው ቁጥር ለትልቅ ባትሪ ባለቤቶች እንደሚመች ነው። ለትንሾቹና ቤታቸው መሰኪያ ለሌላቸው ግን በደል አለው። በጊዜ ይሁን ብዬ ሐሳቡን ልቀይረው፦ ሰልፍ ካለ ለአንድ መኪና 45 ደቂቃ። መቶኛው የራሱ ጉዳይ።

ባለ ሲጋል፦ የኔ እኮ ፈጣኑ ላይም ቀስ ብላ ነው የምትቀበለው። 40 ኪሎ ዋት እንኳን አትነካም። 45 ደቂቃ ለእኔና ለአይዲ 6 አንድ አይደለም።

አድሚን፦ ለአንቺ ምን ሕግ ይውጣልሽ እቴ!

ባለ ሲጋል፦ ትንንሾቹን ለብቻ አድርጉልን። ጣቢያው ውስጥ 30 ኪሎ ዋት የሚሰጡ ርካሽ ማሽኖች ይተከሉ። እኛ እዚያ እንሰለፋለን፣ ትልቁን አንነካም። ባለ 120 ኪሎ ዋቱን ማሽን ለሲጋል ማስያዝ ለማንም አይጠቅምም፣ ለእኔም።

ጋሽ ኤሌክትሪክ፦ ይሄ ዛሬ የሰማሁት ምርጡ ነገር ነው። ለባለ ጣቢያውም ይሻለዋል። ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ጫና ይቀላል።

ሜትር ታክሲ፦ እስኪተከል ድረስ ግን? እኛ ሾፌሮች እርስ በርስ ጀምረነዋል። መኪናውን ሰክቶ የሚሄድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀምጣል። የባሰበት ይደውላል፣ ይለማመጣል፣ አብዛኛው ሰው ይነቅልለታል።

የአያቷ፦ ስልኬን መስታወት ላይ? አንድ ቀን አድርጌው እስከ ማታ "እህት፣ መኪናሽ ታምራለች" እያለ የሚደውል ነው የበዛው። ሌላ ዘዴ አምጣ።

ሜትር ታክሲ፦ ለጥበቃው ስጪዋ። እሱ ይደውልልሽ።

የአያቷ፦ የደወለው ማን ሆነና!