በላፋዬት ሳህን ላይ ዶሮ ወጥ ማቅረብ ይቻላል?

ጠያቂዋ (ሜሪላንድ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንከባከባቸው አሜሪካዊት እናት የእናታቸውን ሳህን ሰጡኝ። ሰማያዊው በጣም ደማቅ ነው፣ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ሥዕሉ መርከቦች ያሉበት ወደብ ነው። ጽሑፉ ጄኔራል ላፋዬት ኒውዮርክ፣ ካስል ጋርደን ሲደርስ፣ 16 ኦገስት 1824 ይላል። ከጀርባው ጎድጎድ ብሎ የተመታ ክብ ማህተም አለ፤ «ክሉስ» የሚል ይነበባል። እውነት አሮጌ ነው? እሁድ እንግዳ አለብኝ፣ ዶሮ ወጥ ላቀርብበት ነበር። ቡናማ እድፉን በረኪና ልንከረው?

የጓዳ ሰው፦ እህቴ፣ በረኪናውን ተዪው! በስንጥቁ ይገባና ጨው ሆኖ ይቀራል። ጨው ሲደርቅ ላዩን ያለውን መስታወት መሰል ሽፋን ይልጠዋል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም እንዳታስገቢው።

አሮጌ ዕቃ ወዳድ፦ ጄምስና ራልፍ ክሉስ ሸክላ ሠሪ ወንድማማቾች ነበሩ። እንግሊዝ አገር፣ ስታፎርድሸር፣ ኮብሪጅ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሥራቸው የቆመው በ1830ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ማህተሙ እውነተኛ ከሆነ ዕድሜው በ1824 እና በዚያ መካከል ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ከተዋጉበት ከ1812ቱ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪዎች የአሜሪካን ገበያ መልሰው ማግኘት ፈለጉ። ለአሜሪካውያን የራሳቸውን ጀግና እያተሙ ላኩላቸው። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ላፋዬት እኮ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ከአሜሪካውያን ጎን ቆሞ እንግሊዝን የተዋጋ ፈረንሳዊ ጄኔራል ነው!

ሥዕሉ በእጅ አይሳልም። መዳብ ላይ ይቀረጻል፣ ኮባልት በሚባል ሰማያዊ ቀለም ስስ ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ወረቀቱ ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። የጠርዙ አበባ በቁራጭ ስለሚለጠፍ አንድ ቦታ ላይ አይገጥምም። በወረቀት የታተመ መሆኑን ስለሚያሳይ እሱን ፈልጊ።

ሌላ አባል፦ «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» (በእንግሊዝ የተሠራ) የሚል ካለ ግን የኋላ ዘመን ነው። አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የአገር ስም እንዲጻፍበት የታዘዘው በ1890 በወጣ ሕግ ነው። ወጡንም እርሺው። የዚያ ዘመን ሽፋን እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት፤ ቲማቲምና ሎሚ የነካው ትኩስ ምግብ ያወጣዋል።

የጓዳ ሰው፦ ግድግዳ ላይ ብታንጠለጥይው የሽቦው መንጠቆ ጠርዙን እንዳይሸርፈው። የእንጨት ማቆሚያ ይሻላል። ታሪኩንም ከእሳቸው ጠይቀሽ ጻፊው።

ጠያቂዋ፦ አገኘሁት! ከታች በግራ በኩል አንድ ቅጠል ለሁለት ተቆርጧል። «ኢንግላንድ» የሚልም የለውም። ወጡ በሌላ ሳህን ይቀርባል፣ እድፉም ይቆይ። ማታ ደውዬ እናታቸው ከማን እንዳገኙት እጠይቃቸዋለሁ።