በፔንዱለም ሙከራ 982 አገኘሁ፤ የተበላሸው ካልኩሌተሩ ነው ወይስ እኔ?

ጭንቅ ላይ ያለ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ፤ ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይሰበሰባል። በፔንዱለም የመሬትን ስበት ለክተን 9.8 አካባቢ ማግኘት ነበረብን፤ እኔ 982 አገኘሁ። ርዝመት 100፣ 20 ሙሉ ውዝዋዜ በ40.1 ሰከንድ። 4ን በፓይ ካሬና በርዝመቱ አባዝቼ ለአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ አካፈልኩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ካልኩሌተሩ ሳይበላሽ አልቀረም።

ቁጥር ወዳድ፦ ካልኩሌተርህን ከዲግሪ ወደ ራዲያን ቀይረው። እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር።

ሳቂታው፦ 100 ምን? ክንድ ከሆነ ክሩን የሰቀልክበትን ጣሪያ ማየት እፈልጋለሁ።

የድሮ መምህር፦ ልጄ፣ ቁጥር ያለ አሃድ መጠን አይባልም። ቀመሩ ሜትር ስጠኝ አላለህም፤ በሰጠኸው አሃድ ይመልስልሃል። ደግሞ የያዝከው መሣሪያ ቀላል አይምሰልህ፤ ሜትር ራሱ ከፔንዱለም ሊወለድ ጥቂት ነበር የቀረው። አንዱ ጉዞው፣ ማለትም ግማሽ ውዝዋዜው፣ 1 ሰከንድ የሚፈጅ ፔንዱለም ርዝመቱ 99.4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፈረንሳዮቹ ግን ርዝመት በጊዜ ላይ ጥገኛ መሆኑ አልጣማቸውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት 10,000,000ኛ እጅ መረጡ። ስበቱም ቢሆን በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታ 9.83 ነው፤ የፔንዱለሙ ርዝመት እንደየቦታው ይለያይ ነበር።

ጭንቅ ላይ ያለ፦ ሴንቲሜትር ነው፤ ግልጽ መስሎኝ ነው። ካሬ ስላለበት ለ10,000 ባካፍለው 0.0982 ሆነ። ጭራሽ ባሰ!

ዝምተኛው፦ ካሬው የሰከንዱ ነው እንጂ የሜትሩ አይደለም። ለ100 አንድ ጊዜ ብቻ አካፍል፤ 9.82 ሜትር በሰከንድ ካሬ። ወይም ከመነሻው በ100 ፋንታ 1 አስገባ።

ተከራካሪ፦ እኔ ግን ስህተት አለ በመባሉ አልስማማም። 982 ሴንቲሜትር በሰከንድ ካሬ ትክክለኛ መልስ ነው። ስበት የሚለኩ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች ይህንኑ አሃድ በጋሊሊዮ ስም «ጋል» ብለው ዛሬም ይጠቀሙበታል። 982 ጋል ብለህ ጻፍ፤ መምህሩ ራሱ ይፈልገው።

ቁጥር ወዳድ፦ ራዲያን አድርገው አልኩ እኮ።

ሳቂታው፦ ሳይን የለ፣ ኮሳይን የለ፤ ራዲያኑ ምን ሊሠራ ይገባል? ቡና ሊጠጣ?

ዝምተኛው፦ ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅ። ርዝመቱን እስከ ኳሱ መሃል ነው የለካኸው? ክሩን ብቻ ከሆነ የኳሱ ግማሽ ስፋት ይጨመራል። 1 ሴንቲሜትር ብቻ እንኳ ብትጨምር መልሱ 9.92 ይሆናል።

ጭንቅ ላይ ያለ፦ ወይ ጉዴ። እስከ ቋጠሮው ነበር የለካሁት።